ፈተናው የሚለካው ምኑን ነው?

(አራዳ ውስጥ ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎችና ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እኛ ከዩኒቨርሲቲ ተመልምለን ለማስተማር የዘመትን ወጣቶች ነን። ዕድሜያችን ከብዙዎቻችሁ ልጆች ዕድሜ አይበልጥም። ስለዚህ በጋራ ስለምንሠራው ሥራ በጋራ እንድናስብ እንጂ ለምክር አልቆምንም። የዛሬው ጉዳያችን ፈተና ነው። ተማሪው መማሩን ለማወቅ ምን ዓይነት ፈተና እንስጥ? የትኛው ፈተና ለየትኛው ትምህርት ይስማማል?

ፈተና ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። በቋንቋችንም ቃሉ መከራ የሚል ትርጉም አለው፤ «ፈተና ደረሰብኝ» እንላለን። ነገር ግን ሌላም ትርጉም አለው። ወርቅ ይፈተናል፤ የሚፈተነውም ሊጎዳ ሳይሆን ምንነቱ ሊታወቅ ነው። እዚሁ ፒያሳ ከወርቅ ሠሪ ዘንድ ቆሞ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሚዛኑ የሚናገረው ክብደቱን ብቻ ነው። ወርቁ ንጹሕ ይሁን ቅይጥ፣ ሚዛን አያውቅም። ያንን ለማወቅ ወርቁ በመፈተኛው ድንጋይ ላይ ይፈገፈጋል፣ አሲድም ጠብ ይደረግበታል። ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት መፈተኛ። በሚዛን ብቻ ወርቅ የሚገዛ ሰው አንድ ቀን ናስ ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። በክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። ባልተስማማ ፈተና ያሳለፍነው ተማሪ የምስክር ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ውል ፈርም ሲባል ግን የሚፈርምበትን አያነብም። ጉዳቱ ያን ጊዜ ይታያል።

የቀደሙት ምን ያደርጉ ነበር?

ፈተናን በየዓይነቱ መለየት ከውጭ የመጣ ነገር የሚመስላቸው አሉ። የኔታ ግን ከጥንት ያውቁት ነበር። ሕፃኑ ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ ይደግማል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል። ታዲያ ፊደሉን አወቀ ማለት ነው? አይደለም። ያወቀው ዜማውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አቡጊዳ ተሠራለት። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ሲሄድ የለመደው ቅደም ተከተል ይፈርስበታል፤ ዜማው አይረዳውም፤ የግድ የፊደሉን መልክ አይቶ መለየት አለበት። እንግዲህ አቡጊዳ መማሪያ ብቻ ሳይሆን መፈተኛም ነው። ሽምደዳን ከዕውቀት ይለያል።

ቅኔ ቤት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በዚያ ተማሪው የሌላውን ቅኔ ቢሸመድድ አያልፍም። ራሱ አዲስ ቆጥሮ፣ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል፤ መምህሩም ያርማሉ። ንባብ በንባብ ተፈተነ፤ ፈጠራ በፈጠራ ተፈተነ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አጭር ነው፦ ያስተማርከው ምን እንዲሠራ ከሆነ፣ ስትፈትነው ያንኑ አሠራው።

ከቅርቡ ዘመንም ምሳሌ አለን። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች፣ ኋላም በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን አስተምሯል። በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። በዚያ ዘመቻ ፈተናውን ያለፉ የምስክር ወረቀት ይቀበሉ ነበር። ይሁን እንጂ ወረቀቱን ተቀብሎ ማንበብን ያልደጋገመ ሰው ፊደሉን መልሶ ይረሳል፤ የክትትል ትምህርትና እንዲህ ያሉ የንባብ መጻሕፍት ያስፈለጉትም ስለዚህ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል ያገራችን ሰው። የምስክር ወረቀት ጥምጥም ነው። ከጥምጥሙ በታች ያለውን የሚያሳየን ደህና ፈተና ነው።

እውነት ወይም ሐሰት

አሁን የፈተናዎቹን ዓይነት አንድ በአንድ እንያቸው። እውነት ወይም ሐሰት የሚባለው ለማውጣትም ለማረምም ቀላል ነው። በአጭር ጊዜ ብዙ ነገር ይጠይቃል። ችግሩ ግምት ነው። አንድ ሰው ጥያቄውን ሳያነብ አሥር ጊዜ ሳንቲም እየወረወረ ዘውድ ሲሆን እውነት፣ ጎፈር ሲሆን ሐሰት ብሎ ቢጽፍ፣ ከአሥሩ አምስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 62 ያህል ነው። እንግዲህ ማለፊያውን አምስት ካደረግነው፣ ፊደል ከማይቆጥሩ 100 ሰዎች 62ቱን ልናሳልፍ ነው ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። «ሐሰት ካላችሁ ስሕተቱን አስተካክላችሁ ጻፉ» ማለት ነው። «የዓድዋ ድል የተገኘው በ1928 ዓ.ም. ነው» ለሚለው ሐሰት ብሎ ዝም ያለና፣ ሐሰት ብሎ 1888 ብሎ የጻፈ፣ እኩል አያውቁም።

ምርጫ

ምርጫ ከአራት አንዱን ማክበብ ነው። ግምት እዚህ ይቀንሳል። አሥር ጥያቄ በጭፍን ቢገመት፣ አምስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 8 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ተማሪ ላለበት ክፍል ይመረጣል። ነገር ግን ምርጫው እንደ አወጣጡ ነው። እስቲ ይህን አድምጡ፦

የዓድዋ ድል መቼ ተገኘ? ሀ) በ1888 ለ) በ1200 ሐ) አምና መ) አልተገኘም።

ይህ ጥያቄ ሊባል ነው? የማያውቀውም ስቆ ሀን ያከብባል። አሁን ደግሞ ይህን አድምጡ፦ ሀ) በ1879 ለ) በ1888 ሐ) በ1928 መ) በ1933 ዓ.ም.። እዚህ አራቱም ዓመታት ከጣልያን ጋር ባለን ታሪክ ውስጥ ቦታ አላቸው። 1879 ዶጋሊ ነው፤ 1928 ወረራው ነው፤ 1933 ነፃነት የተመለሰበት ነው። ሐን የመረጠ ተማሪ ሁለቱን ጦርነቶች አምታቷል ማለት ነው። ስለዚህ የተሳሳተው መልስ ራሱ ለአስተማሪው ይናገራል፤ ነገ ምን ደግሞ ማስተማር እንዳለበት ይጠቁመዋል። የምርጫ ጥበቡ ያለው ከትክክለኛው መልስ ይልቅ በስሕተቶቹ አመራረጥ ላይ ነው።

ሌላም እንከን አለበት። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በጣት ይተላለፋል። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት እየታየ ክፍሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ይመልሳል፤ አንዱ ሲሳሳት ሁሉም አብሮ ገደል ይገባል። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ማለት ይኼ ነው።

አዛምድና ባዶ ቦታ ሙላ

በአዛምድ ጊዜ በግራ አምስት፣ በቀኝም አምስት አታድርጉ። አራቱን ያወቀ አምስተኛውን ሳያውቅ ያገኘዋል። በቀኝ በኩል ሰባት ይሁን። ደግሞም ሁሉም አንድ ወገን ይሁን፤ ሰውን ከዓመት፣ ዓመትን ከቦታ ቀላቅለን ካቀረብን፣ ተማሪው ዓመተ ምሕረት ስላየ ብቻ ያዛምዳል።

ባዶ ቦታ ሙላ ከግምት ያድናል፤ ተማሪው መልሱን ከራሱ ማውጣት አለበት። ይሁንና ቦታው አንድ መልስ ብቻ የሚቀበል መሆን ይገባዋል። «አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ____ ነው» ብለን ብንጠይቅ፣ አንዱ «በ1879 ዓ.ም.»፣ ሌላው «በእቴጌ ጣይቱ»፣ ሦስተኛው «በፍል ውሃ አጠገብ» ብሎ ይሞላል። ማንን ነው ስሕተት የምንለው? ሁሉም ልክ ናቸው። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። «አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ____ ዓ.ም. ነው» ብንል ግን ነገሩ አለቀ።

ጥያቄ ደግሞ እንደ እህል ይነቅዛል። «ዶሮ ማነቂያ ለመሄድ ከጊዮርጊስ በየት በኩል ይኬዳል?» የሚለው ለአራዳ ልጅ ቀላል ጥያቄ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ፈረሰ። ያንን ጥያቄ ከአሮጌ ደብተር ገልብጦ ዛሬ የሚያወጣ አስተማሪ፣ የሚለካው የአካባቢ ዕውቀትን ሳይሆን የነዋሪውን ትዝታ ነው። ጥያቄ ከመሰጠቱ በፊት ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይነበብ።

የቃል ንባብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ማንበብ መቻልን በጽሑፍ ምርጫ መለካት አስቸጋሪ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ጥናት፣ ልጆች አንድ በአንድ እየተጠሩ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ተደርጎ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ግን 1ኛ ክፍልን ጨርሰው ነበር የተዛወሩት። ከአንድ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ «እስቲ አንብብልኝ» ማለት የሚገልጠውን ነገር፣ የተከመረ የፈተና ወረቀት ይሸፍነዋል።

አማርኛችን ደግሞ ለቃል ንባብ ልዩ መፈተኛ ሰጥቶናል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ዋና» የሚለው ተጽፎ ሲታይ አንድ ነው። «ልጁ ዋና ይወዳል» ሲል ላልቶ ይነበባል፤ «ልጁ በዋናው በር ገባ» ሲል ጠብቆ ይነበባል። «ገና»ም እንዲሁ ነው። «ገና አልመጣም» ላልቶ፣ «የገና በዓል» ጠብቆ። ተማሪው አጥብቆና አላልቶ በትክክል ካነበበ፣ የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ገብቶታል ማለት ነው። ያልገባው ሰው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይጠራቸዋል እንጂ ቃሉን አያገኘውም። ሌላ የመረዳት ጥያቄ ሳንጨምር፣ ጆሯችን ብቻ መለየት ይችላል።

«ጊዜ ከየት ይምጣ?» ትሉ ይሆናል። እስቲ እናስላው። 40 ተማሪ ቢኖር፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ብንሰጥ 120 ደቂቃ ነው። ሁለት አስተማሪ ቢካፈለው አንድ ሰዓት ነው። በወር አንድ ሰዓት ይከብዳል? የቀሩት ተማሪዎች በዚያ ሰዓት ጽሕፈት ይለማመዳሉ። የሚነበበው ጽሑፍ ግን ከመማሪያው መጽሐፍ መሆን የለበትም፤ ያንን ብዙዎች በቃላቸው ይዘውታል። ተማሪው አይቶት የማያውቅ አራት አምስት መስመር ይሁን።

የቃል ጽሕፈትና የተግባር ፈተና

አስተማሪው እየተናገረ ተማሪው የሚጽፈው የቃል ጽሕፈት ርካሽና ጠቃሚ ፈተና ነው። አሥር ቃል፣ አሥር ደቂቃ። እዚህ ላይ አስቀድመን የምንስማማበት ጉዳይ አለ። ተማሪው «ሠራ»ን በእሳቱ ሰ ቢጽፍ ነጥብ እንቀንሳለን ወይ? «ዓይን»ን በአልፋው አ ቢጽፍስ? በእኛ አስተያየት ለጀማሪ ጎልማሳ አይቀነስበት፤ ድምፁን በትክክል ጽፏልና። «በላ» ለማለት «ባላ» ቢል ግን ይቀነስ፤ ቃሉ ሌላ ሆኗልና። ለ6ኛ ክፍል ተማሪ ሕጉ ሊለወጥ ይችላል። ሕጉ ምንም ይሁን ምን፣ ከፈተናው በፊት ለተማሪው ይነገር። ከፈተና በኋላ የሚወጣ ሕግ ፍርድ ያጓድላል።

የተግባር ፈተና ደግሞ ለእናንተ ለማታ ተማሪዎች ከሁሉ ይበልጣል። ሽንኩርት የምትሸጥ እናት «ሦስት ኪሎ በኪሎ 45 ብር ስንት ነው? ከ200 ብር ስንት ይመለሳል?» ብትባል ጥያቄው ሳያልቅ 135 እና 65 ትላለች። ያንኑ ሒሳብ በወረቀት ላይ በማባዛት ምልክት ብናቀርብላት ልትደናገር ትችላለች። ሒሳብ አታውቅም ልንል ነው? ታውቃለች፤ የጎደላት አጻጻፉ ነው። ሁለቱን ለይተን ካልፈተንን፣ የምታውቀውን ስናስተምራት ጊዜዋን እናባክናለን፣ የማታውቀውን ደግሞ ሳናስተምራት እንቀራለን። ለተግባር ፈተና የሚያስፈልገው ዕቃ በየቤቱ አለ። የመብራት መክፈያ ወረቀት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለ ጽሑፍ፣ የቀበሌ ወይም የወረዳ ቅጽ፣ የአውቶቡስ ሰሌዳ። «ይህ መድኃኒት በቀን ስንት ጊዜ ይወሰዳል?» የሚለው ጥያቄ፣ መልሱ ከስሕተት የሚያድነው ውጤትን ብቻ አይደለም፤ ነፍስንም ነው።

ማብራሪያ

ደብዳቤ፣ ማመልከቻ፣ አጭር ድርሰት ማስጻፍ የተማሪውን ሐሳብ በሙሉ ያወጣል። ነገር ግን እርማቱ እንደ አራሚው ስሜት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ያንኑ ጽሑፍ ጧት ሰባት፣ ማታ ደክሞን አራት ልንሰጠው እንችላለን። ለዚህ ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ነጥቡን አስቀድመን እንደልድል፤ ለምሳሌ ከአሥር ለፍሬ ነገሩ አራት፣ ለቅደም ተከተሉ ሦስት፣ ለአጻጻፉ ሦስት። ሁለተኛ፣ ስናርም ስሙን እንሸፍን፤ የወዳጅ ልጅ ስም ብዕርን ያለዝባል። ሦስተኛ፣ የአንዱን ተማሪ ወረቀት ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ፣ የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ አርሞ ወደ ሁለተኛው መሄድ ይሻላል። ያኔ መለኪያው አይለዋወጥም።

እንዴት እንምረጥ?

ጥያቄ ከማውጣታችን በፊት በወረቀት ላይ ሁለት ነገር እንጻፍ። በዚህ ወር ምን አስተማርን? ተማሪው ምን ማድረግ እንዲችል ነው ያስተማርነው? ከዚያ ነጥቡን በዚያ ልክ እናካፍል። ለአንድ የማታ ክፍል ከ20 እንዲህ ማድረግ ይቻላል፦ ለቃል ንባብ 6፣ ለቃል ጽሕፈት 4፣ ለሒሳብ 5፣ ቅጽ ሞልቶ ለመፈረም 5። ንባብን ሦስት ሳምንት አስተምረን ለንባብ ሁለት ነጥብ ብቻ ከሰጠን፣ ተማሪው የሚደርስበት ድምዳሜ ግልጽ ነው፤ ንባብ ዋጋ የለውም ይላል። ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው።

ልጆች ያሏችሁም ይህ ይመለከታችኋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎቹ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተፈተኑ። ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በአንድ ንግግር አያልቅም። አንድ ነገር ግን መጠየቅ እንችላለን። እነዚያ ወጣቶች 12 ዓመት ሙሉ በየክፍሉ ሲፈተኑ፣ ሲያልፉ ነው የኖሩት። በመካከሉ አንድ የክፍል ፈተና «ይህ ልጅ እዚህ ላይ ተደናቅፏል» ብሎ ቢናገር፣ ለመመለስ ጊዜ በነበረ። የዓመት መጨረሻ ፈተና ፍርድ ነው፤ የክፍል ፈተና ግን ምርመራ ነው። ሐኪም ሳይመረምር አይፈርድም።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ «ከአሥር ስምንት አገኘሁ» ሲል ደስ ይበላችሁ፤ ግን «ጥያቄው ምን ዓይነት ነበር? የሳትካቸው ሁለቱስ የቶቹ ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የጎልማሳ ክብር

በመጨረሻ አንድ ነገር አደራ እንላለን። የ50 ዓመት እናት በሰው ፊት ቆማ፣ አንብቢ ተብላ፣ ተሰናክላ ሲሳቅባት፣ በማግሥቱ አትመጣም። እሷ ስትቀር የፈተናው ውጤት ምን ይሠራልናል? ጎልማሳን ስንፈትን ለብቻ፣ በዝግታ፣ «እርስዎ» እያልን ይሁን። ውጤት በአደባባይ አይነበብ። የታረመ ወረቀት በሳምንቱ ይመለስ፤ በላዩም ቁጥር ብቻ ሳይሆን «ይህን ችለዋል፣ ይህ ይቀረናል» የሚል አንድ መስመር ይጻፍበት። «ይቀረናል» የምንለው ሆን ብለን ነው። ግማሹ ክፍል አንድን ጥያቄ ከሳተ፣ ያ ጥያቄ የፈተነው አስተማሪውን ነውና።

ጎልማሳውም በበኩሉ ፈተናን አይፍራ። እኛም ከፈተና ያልወጣን ተማሪዎች ነን፤ ፍርሃቱን እናውቀዋለን። መፈተኛው ድንጋይ የሚያሳፍረው ናስን ነው። ወርቁ ግን በላዩ በተፈገፈገ ቁጥር መስመሩ ይታያል። እኛ አብረናችሁ ስንሠራ ያየነውን እንመሰክራለን፤ ከአንድ ሙሉ ቀን ሥራ በኋላ ደብተር ይዞ የሚመጣ ሰው ናስ አይደለም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አቡጊዳ ከሀ ሁ የሚለየው በምንድን ነው? የፊደል ዕውቀትን ለመፈተን ለምን ይጠቅማል?

2. «ፒያሳ የሚገኘው በ____ ነው» የሚለው ጥያቄ ጉድለቱ ምንድን ነው? አስተካክላችሁ ጻፉት።

3. ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጉሙ የሚለወጥ ሌላ ቃል ፈልጉ። በሁለት ዓረፍተ ነገር አግቡትና ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

4. በቤታችሁ ካለው ወረቀት ወይም ዕቃ አንዱን ምረጡ። ለጎረቤታችሁ የተግባር ፈተና የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች አውጡበት።

5. የቃል ጽሕፈት ሲታረም «ሠ»ን በ«ሰ» የጻፈ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበት ትላላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።